የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጥቅምት አለቀ፣ ለኅዳር ምን እናንብብ?

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች በሙሉ ባለፈው ወር ስላነበባችኋቸውና ለሚቀጥለው ስላሰባችኋቸው መጻሕፍት ናቸው። ረዘም ያሉትን አሳጥረናል፤ ስም ትተን የመጡበትን ከተማ ብቻ አስቀርተናል።

ጥያቄ፦ ለጥቅምት 6 መጻሕፍት ደርድሬ ነበር። ወሩ ሲያልቅ አንዱን ጨርሼ ሁለተኛውን አጋምሼ ተገኘሁ። አሁን በቀሩት ላይ 3 ጨምሬ ለኅዳር ይዣለሁ። ችግሬ ስንፍና ነው ወይስ አቅም? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሁለቱም አይደለም፤ ሒሳብ ነው። ሲያቅዱ የቆጠሩት መጽሐፍ ነው፤ የሚያልቀው ግን ጊዜ ነው።

በመጀመሪያ ፍጥነትዎን ይወቁ። አሁን የያዙትን መጽሐፍ ያንሡ፤ የስልክዎን ደወል ለ20 ደቂቃ ይሙሉና ስልኩን ሌላ ክፍል ያስቀምጡት። የጀመሩበትን መስመር በእርሳስ ነካ አድርገው እንደ ወትሮዎ ያንብቡ፤ ለፈተና እንደተቀመጠ ሰው አይሩጡ። ሲደወል የደረሱበትን ገጽ ይጻፉ። ይህን 3 ጊዜ ያድርጉት፦ አንዴ ጠዋት፣ አንዴ ከምሳ በኋላ፣ አንዴ ማታ ሊተኙ ሲሉ። የማታው ብዙ ጊዜ ከጠዋቱ ያንሳል። የሚያነቡት ማታ ማታ ከሆነ ዕቅዱ መሠራት ያለበት በማታው ቁጥር ነው። ብዙ ዕቅድ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው፤ በእሑድ ጠዋት ፍጥነት ታቅዶ በሥራ ቀን ማታ ድካም ይነበባል።

እንበልና በ20 ደቂቃ 11 ገጽ ሄዱ። በሰዓት 33 ገጽ ማለት ነው። በቀን 40 ደቂቃ ለማንበብ ቢያስቡ፣ 30 ቀን ስለሆነ 20 ሰዓት አለኝ፣ 660 ገጽ አነባለሁ ብለው እንዳይሸወዱ። ለቅሶ አለ፣ እንግዳ አለ፣ መብራት የሚጠፋበት ማታ አለ፤ ምንም ሳይኖርም ዓይን እንቢ የሚልበት ቀን አለ። 8 ቀን ይቀንሱ። 22 ቀን በ40 ደቂቃ 880 ደቂቃ፣ ማለትም 14 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። በ33 ሲባዛ 484 ገጽ ይሆናል። አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ወይም ሁለት መካከለኛ መጽሐፍ ነው። የደረደሯቸው 6 መጻሕፍት እያንዳንዳቸው 250 ገጽ ቢሆኑ እንኳ 1,500 ገጽ ይመጣል፤ የአቅምዎን ሦስት እጥፍ ነው ያቀዱት። አንድ ተኩል ማንበብዎ እንግዲህ ከልክዎ ብዙም አልራቀም።

ገጽ ራሱም ያታልላል። ሁለት መጻሕፍት ጎን ለጎን ይክፈቱ፤ ከእያንዳንዱ አንድ ሙሉ ገጽ መርጠው መስመሩን ይቁጠሩ፤ ከዚያ የ5 መስመር ቃላት ቆጥረው ለ5 ያካፍሉ። አንዱ 28 መስመር በ8 ቃል 224 ቃል ሲወጣው፣ ፊደሉ ደቀቅ ያለው ሌላኛው 38 መስመር በ11 ቃል 418 ሊሆን ይችላል። የሁለተኛው 200 ገጽ በመጀመሪያው ልክ ቢታተም 373 ገጽ ይወጣዋል። «ቀጭን ነው፣ በ3 ቀን እጨርሰዋለሁ» ተብሎ ወር የሚፈጀው እንዲህ ያለው ነው። የታሪክ መጽሐፍ ሲሆን ደግሞ ፍጥነቱን በግማሽ ይቁረጡት። የባሕሩ ዘውዴን «የኢትዮጵያ ታሪክ ከ1847 እስከ 1983» በልብ ወለድ ፍጥነት ለማንበብ የሚሞክር ሰው ራሶቹና ደጃዝማቾቹ ይምታቱበትና መመለሱ አይቀርም፤ ያም መመለስ ጊዜ ይበላል።

ከሁሉ ያሳሰበን ግን በቀሩት ላይ 3 መጨመርዎ ነው። የጥቅምትን ዕዳ ወደ ኅዳር አያዙሩ። ያልተነካ መጽሐፍ ሁሉ እንደ አዲስ ይፈተን፦ 15 ገጽ ያንብቡለት፤ 16ኛውን መግለጥ ካላሰኝዎ ወደ መደርደሪያው ይመለስ። ለኅዳር የሚያስፈልግዎ አንድ ዋና መጽሐፍ፣ አንድ ቀጭን (ግጥም ወይም አጫጭር ልብ ወለድ፣ ዋናው ሲከብድ የሚያርፉበት) እና አንድ ባዶ ቦታ ነው። ባዶውን ቦታ እንዳይሞሉት። ዋናውን ሲጨርሱ መጽሐፉ ራሱ ወደ አንድ ሌላ መጽሐፍ መምራቱ አይቀርም፤ አንድ ስም፣ አንድ ዘመን ወይም አንድ ክርክር አንሥቶ ይተዋል። ያን ጊዜ ቦታ ከሌለ መንገዱ ይዘጋል፣ እርስዎም ከወር በፊት በሌላ ስሜት የመረጡትን መጽሐፍ በግዴታ ያነባሉ።

ጥያቄ፦ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን 3 ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ 80ኛው ገጽ አካባቢ አቆምኩ። ሁሉ ያነበበው መጽሐፍ ስለሆነ አፍራለሁ። የኅዳር ዋና መጽሐፌ ላድርገው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ያድርጉት፤ ማፈሩን ግን ይተዉት። ሁሉ አነበበው ከሚባለው መካከል በጆሮው ብቻ የሚያውቀው ብዙ ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ከተረከው ወዲህ መጽሐፉን ሳይገልጡ ጉዱ ካሳን በቃሉ የሚጠቅሱ ሰዎች ሞልተዋል።

የሚያቆሙበት ምክንያት ይመስለናል፦ በርዕሱ ፍቅር ስላለ ከመጀመሪያው ገጽ ፍቅረኞቹን በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ይጠብቃሉ። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ግን የሚነሡት ከማንኩሳ፣ ከበዛብህ ወላጆች ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ነው። ውድነሽ ባል የማይበረክትላት እየተባለች መታማቷ፣ የሁለቱ ዘግይቶ መጋባት፣ የልጁ መታመምና ለቤተ ክርስቲያን መሳል፣ ሁሉም ጊዜውን ወስዶ ይነገራል። አንባቢ ይህን እንደ መግቢያ ቆጥሮ «ታሪኩ መቼ ይጀምራል?» ይላል። ታሪኩ ግን ጀምሯል። ያ ስለት ነው በኋላ ልጁን ከሚወዳት የሚያቆራርጠው፤ የወላጆቹን ክፍል የዘለለ አንባቢ በዛብህ ለምን እንደዚያ እንደሚጨነቅ አይገባውም።

በተግባር እንዲህ ይሞክሩት። ለአራተኛ ጊዜ ከገጽ 1 አይጀምሩ፤ የሰለቸዎት ያ ክፍል ነው። ከ60ኛው ገጽ ይነሡና በአንድ የእረፍት ቀን 2 ሰዓት ያህል ተቀምጠው ከ120 ይለፉ። የቆሙበትን ቦታ በየቀኑ 10 ገጽ እያሉ አያልፉትም፤ በአንድ ትንፋሽ ነው የሚታለፈው። ከዚያ በቀን 25 ገጽ ይበቃል። መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ስለሆነ በዚህ አካሄድ የወሩን አቅም ጠቅልሎ ይወስዳል፤ ስለዚህ በዚህ ወር ቀጭን መጽሐፍ አይጨምሩበት። በወረቀት ቁራጭ ላይ 7 ስም ጽፈው ዕልባት ያድርጉት፦ ቦጋለ፣ ውድነሽ፣ በዛብህ፣ ፊታውራሪ መሸሻ፣ ወይዘሮ ጥሩአይነት፣ ሰብለ ወንጌል፣ ካሳ ዳምጤ። በመጨረሻው ፊት «ጉዱ ካሳ» ብለው ይጨምሩ፤ አንድ ሰው መሆኑን ሳያውቁ ብዙ የሚጓዙ አሉ።

የጎጃም አነጋገርና የአብነት ትምህርት ቤት ቃል ሲያጋጥም መዝገበ ቃላት ለማንሣት አይቸኩሉ። በኅዳጉ ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርገው ይለፉ፤ ቃሉ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ወይም ምዕራፉ ሲያልቅ ያዩታል። ግማሹ እስከዚያ በዐውዱ ይገለጥልዎታል። ለአማርኛው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት (1962 ዓ.ም.) ይረዳል። ለግእዙ ደግሞ የኪዳነ ወልድ ክፍሌ (1948 ዓ.ም.) አለ፤ እሱ የተደረደረው በሀ ለ ሐ መ ሳይሆን በአ በ ገ ደ ነው፤ ቃሉም በሥሩ ነው የሚፈለገው። «መጽሐፍ»ን በመ ፈልጎ «የለም» የሚል ሰው ጸሐፈ ሥር ቢሄድ ያገኘዋል።

ትረካውንም ማዳመጥ ይችላሉ፤ ግን አስቀድመው ያንብቡ፣ ከዚያ ያንኑ ክፍል ያዳምጡ። የወጋየሁ ድምፅ ከቀደመ ፊታውራሪ መሸሻን በራስዎ ጆሮ የመስማት ዕድል አይኖርዎትም።

ጥያቄ፦ በጥቅምት «ኦሮማይ»ን በ4 ቀን ጨረስኩ። ከዚያ ወዲህ የጀመርኩት ሁሉ ውኃ ውኃ ይለኛል። ቀጥሎ ምን ይነበባል? (ከደሴ)

መልስ፦ ለ3 ቀን ያህል ምንም። ቀልድ አይደለም፤ በዚያ ፍጥነት ከተነበበ መጽሐፍ በማግስቱ የሚከፈት ሌላ ልብ ወለድ ዕድል የለውም። ጥፋቱ የመጽሐፉ አይደለም። እነዚያን ቀናት ለግጥም ወይም ለጋዜጣ ይስጧቸው።

ከዚያ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የደራሲው የበዓሉ ግርማ መንገድ ነው። «ከአድማስ ባሻገር» (1962 ዓ.ም.) የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ስለሆነ 13 ዓመት ወደ ኋላ ይወስድዎታል፤ ጦርነት የለበትም፣ አበራ ወርቁና ሉሊት ታደሰ አሉበት፤ ያው ፈጣን ምልልስ ግን ገና ሲጠነክር ይታያል። «ደራሲው» (1972 ዓ.ም.) ስለ መጻፍ ራሱ ነው፤ ለዋናው ገጸ ባሕርይ ለሲራክ መነሻው ደራሲው ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር መሆኑ በሰፊው ስለሚነገር ከሱ ወደ ስብሐት መሻገር ይቻላል። ሁለቱን በአንድ ወር አያድርጓቸው። የአንድን ሰው 3 መጻሕፍት ያለ ዕረፍት ያነበበ አንባቢ ሦስተኛው ላይ ታሪኩን ትቶ የደራሲውን ልማድ መቁጠር ይጀምራል።

ሁለተኛው የዘመኑ መንገድ ነው፤ እኛ የምንመርጥልዎት ይህን ነው። «ኦሮማይ» የቆመው በ1974 ዓ.ም. ደርግ በኤርትራ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ላይ ነው። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ ሲላክ አንባቢው የሚያየው እሱ የሚያየውን ብቻ ነው። መጽሐፉ በ1975 ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ስለዚህ ዘመኑን የሚተርክ የታሪክ ምዕራፍ ቢያስከትሉበት የልብ ወለዱ ግማሽ አዲስ ይሆንልዎታል። ሙሉ የታሪክ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ ቀደም ሲል የጠቀስነው የባሕሩ መጽሐፍ የመጨረሻ ክፍል ይበቃል። ለዚህ 50 ገጽ ያህል ይመድቡ፤ ፍጥነቱ በግማሽ መሆኑንም አይርሱ።

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ልጄ አማርኛ ትሰማለች፣ ትናገራለች፤ ስታነብ ግን ፊደል በፊደል ነው። በወር አንድ መጽሐፍ አብረን ለማንበብ ተስማምተናል። ከየት እንጀምር? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአጭር ታሪክ። በ20 ደቂቃ 2 ገጽ ጮክ ብላ የምታነብ ከሆነ በ22 ማታ 44 ገጽ ነው። ይህ ሁለት ወይም ሦስት አጫጭር ታሪኮች ማለት ነው፤ ልብ ወለድ ከጀመራችሁ ግን በኅዳር መጨረሻ ገና አንድ አሥረኛው ላይ ትገኛላችሁ፣ ሁለታችሁም ትሰላቻላችሁ።

የምትደናቀፍባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። በራሳቸው ላይ ባለ ጭረት ብቻ የሚለያዩት ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ ይምታቱባታል፤ እነዚህን በአንድ ካርድ ላይ ጥንድ ጥንድ አድርገው ይጻፉላት። ከዚህ የሚከብደው የማይጻፈው ነው፤ አማርኛ ሲጠብቅና ሲላላ በጽሑፍ አይታይም። «አለ» ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? «ገና» በዓሉ ነው ወይስ ያልደረሰው ጊዜ? በአፏ የምታውቀውን ቃል በጽሑፍ የማታውቀው ለዚህ ነው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን እስከ አራት ነጥቡ ድረስ ሳታርሟት ትጨርስ፤ ከዚያ ራሷ ደግማ ታንብበው። በሁለተኛው ንባብ አብዛኛውን ራሷ ታስተካክለዋለች። በየቃሉ ማረም ትርጉሙን ይቆራርጥባታል።

ረዥም ነገር ካማራችሁ «ኦሮማይ» በ2025 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ወጥቷል። ምዕራፉን በእንግሊዝኛ ታንብብና ከዚያው ምዕራፍ 2 ገጽ በአማርኛ አብራችሁ ተመልከቱ። ታሪኩን ስለምታውቀው ጉልበቷ ሁሉ ለፊደሉ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ሰው ቤት ነው የምሠራው። የማነበው ማታ ከ5 ሰዓት በኋላ በስልክ ነው፤ ያሉኝም ስካን የተደረጉ ፒዲኤፎች ናቸው። ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ የቆምኩበትም ይጠፋኛል። (ከዱባይ)

መልስ፦ ስካን የተደረገ ገጽ ፎቶ ነው፤ ፊደሉን ስታሰፊው መስመሩ አይታጠፍም፣ ከስክሪኑ ይወጣል እንጂ። ስልኩን አጋድመሽ ያዢ፤ ገጹ በወርዱ ይሞላል፤ ከላይ ወደ ታች ብቻ ትወርጃለሽ። የፒዲኤፍ ማንበቢያሽ ነጩን ኅዳግ የሚቆርጥ አማራጭ ካለው ተጠቀሚበት፤ ፊደሉ በግልጽ ከፍ ይላል። የጨለማ ገጽታ የሚባለውን ግን ለስካን አታብሪ፤ የቢጫ ወረቀት ጥላ ተገልብጦ ደመና ይሆናል። ከሱ ይልቅ ብርሃኑን ቀንሺ።

የቆምሽበት የሚጠፋው የስልኩ ቁጥርና የመጽሐፉ ቁጥር ስለማይገጥም ነው። ሽፋኑና መግቢያው አብረው ስለሚቆጠሩ ስልኩ 23 ሲል ወረቀቱ ላይ 15 ሊሆን ይችላል። አንዴ አይተሽ ልዩነቱን (እዚህ ላይ 8 ነው) በፋይሉ ስም ላይ ጻፊው። ከዚያ የምትመዘግቢው የወረቀቱን ቁጥር ብቻ ይሁን፤ ፋይል ብትቀይሪ እንኳ አይጠፋም። 25 ደቂቃ ብቻ ካለሽ ለወሩ አጫጭር ታሪኮችን ምረጪ፤ በአንድ ማታ የሚያልቅ ነገር ነገ የት ነበርኩ አያሰኝም። አንድ ነገር ደግሞ እናንሣ፦ በየቴሌግራሙ ከሚዞረው ፒዲኤፍ ደራሲው ሳንቲም አያገኝም። በሕይወት ያለ ደራሲ ከሆነ ዘመድ ሲመጣ መጽሐፉን አስልኪ።

ጥያቄ፦ የንባብ መዝገብ አለኝ፤ ርዕስና ደራሲ ብቻ ግን ነው። በዓመቱ መጨረሻ ሳየው ምንም አይነግረኝም። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አራት ነገር ይጨምሩበት፦ የጀመሩበት ቀን፣ ያቆሙበት ቀንና ገጽ (ያልጨረሱትም ይመዝገብ፣ ከሁሉ የሚያስተምረው እሱ ነው)፣ መጽሐፉን ያነሡበት ምክንያት በአንድ መስመር፣ ተመልሰው ሊያዩት የሚፈልጉት አንድ የገጽ ቁጥር። የኅትመቱን ዓመት ሳይጽፉ የገጽ ቁጥር ብቻ አይመዝግቡ፤ በሌላ ዕትም ያ ገጽ ሌላ ቦታ ነው።

ዓመቱ ላይ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ማለትዎን አይርሱ። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት ዓመት ነው፤ ምልክት የሌለው «1970» ከዓመታት በኋላ ራስዎን ያከራክርዎታል። ደራሲውን በራሱ ስም ይመዝግቡ፣ የአባቱን አያስቀድሙ። የውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ውስጥ ሲፈልጉ ግን በሁለቱም ይሞክሩ። የፊደሉም ነገር አለ፤ ሐዲስን ሀዲስ፣ ፀጋዬን ጸጋዬ፣ ስብሐትን ስብሃት ብሎ የመዘገበ ካታሎግ አይጠፋም። አንዱ «አልተገኘም» ሲል ሌላውን ይጻፉ።

ጥያቄ፦ ለኅዳር ያሰብኩትን ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ልገዛ ነው። ባለፈው ወር የገዛሁት መሃሉ ጎደሎ ሆኖ ተገኘ። ምን ልይ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መጽሐፍ የሚታተመው በትልቅ ወረቀት ላይ ሆኖ እየታጠፈ በጥራዝ ነው፤ አንድ ጥራዝ ብዙ ጊዜ 16 ገጽ ነው። ሲጎድልም ብዙ ጊዜ ጥራዙ በሙሉ ይጎድላል፤ አንዳንዴም ያው ጥራዝ ሁለት ጊዜ ይገባል። ስለዚህ ከገጽ 16 ወደ 17፣ ከ32 ወደ 33፣ ከ48 ወደ 49 እያሉ ቁጥሩ መቀጠሉን ይዩ። ለ300 ገጽ መጽሐፍ 2 ደቂቃ አይፈጅም። የመጨረሻውን ገጽ በተለይ ይግለጡ፤ ቶሎ የሚረግፈው እሱ ነው። ኮፒ ተደርጎ የተጠረዘ ከሆነ መሃሉን ከፍተው የመስመሩ ጫፍ በማጣበቂያው አለመዋጡን ያረጋግጡ።

የተላቀቀ ገጽ በፕላስተር አይለጥፉ፤ ይቢጫል፣ ሲነሣም ፊደሉን ይዞ ይሄዳል። በገጹ የውስጥ ጠርዝ ላይ ከ2 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ነጭ ኮላ በክብሪት እንጨት ቀብተው ወደ ቦታው ያስገቡ፤ ግራና ቀኙን በላስቲክ ለይተው ከባድ ነገር ጭነውበት ያሳድሩት። ሳይገዙ ለማንበብ ደግሞ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ወመዘክርና 4 ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አሉልዎት።

ጥያቄ፦ በጥቅምት ያነበብኩት አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው፣ እሱንም ከዚህ በፊት አንብቤዋለሁ። ይቆጠራል? (ከጎንደር)

መልስ፦ ይቆጠራል። ከጎኑ «ድጋሚ» ብለው ይጻፉ፤ የመጀመሪያውን ንባብ ዓመት ካስታወሱም ይጨምሩበት።